ፋሻውን ማን ፈታው

ትንሿ ሲስተር ትንሽ አልነበረችም። ክሊኒኩ ውስጥ ከሚሠሩት ሁሉ ረጅሟ እሷ ነበረች፤ ከመደርደሪያው ላይኛው እርከን ዕቃ ሲፈለግ መሰላል የሚያመጣ ሰው የለም፣ እሷን ነው የሚጠሩት። ትንሿ ያሰኛት ትልቋ ሲስተር መኖራቸው ነው። ትልቋ ደግሞ ቁመታቸው ከእሷ ትከሻ የማያልፍ፣ ፀጉራቸው ገብስማ፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ ሴት ነበሩ። ሰፈሩ «ሲስተር ዝምታ» ይላቸዋል። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም፤ እሳቸውም ሰምተው ዝም ብለዋል።

ልጅቷ ወደዚህ የሰፈር ክሊኒክ የመጣችው ራቅ ካለ ከተማ፣ ከትልቅ ሆስፒታል ነው። እዚያ ጎበዝ ነበረች። መርፌ ስትወጋ ሕፃኑ ማልቀሱን ረስቶ አፉን ከፍቶ ያያታል። ሁለት ሰው የሚሠራውን ለብቻዋ ትሠራለች፤ ሦስት ሰው የሚያወራውንም ለብቻዋ ታወራለች። የክሊኒክ ሥራ ግን ሌላ ነው። እዚህ ሲስተሮቹ የየራሳቸው በሽተኛ አላቸው፤ ራሳቸው ያያሉ፣ ራሳቸው ይመክራሉ፣ ዶክተሩን የሚጠሩት ነገሩ ከእነሱ በላይ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ እንደገና ተማሪ ሆነች፣ ደረቷ ላይም «ተለማማጅ» የሚል ካርድ ተንጠለጠለባት።

«እዚያ ሆስፒታል በሽተኛው ተኝቶ ነው የሚጠብቅሽ» አሏት ሲስተር ዝምታ ገና በመጀመሪያው ቀን። «መብራቱን የምታጠፊው እንኳ አንቺ ነሽ። እዚህ ግን ታክሞ ቤቱ ይገባል። ቤቱ ምን እንደሚጠብቀው ካላወቅሽ ያከምሽው ግማሹን ነው።»

«እንዴት ብዬ ነው የማውቀው?»

«ትጠይቂያለሽ። ከዚያ ዝም ትያለሽ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪጨርስ።»

ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ለትንሿ ሲስተር ግን ሞት ነበር። አንድ ሰውዬ «ሆዴን...» ብሎ ሳይጨርስ እሷ «ቃር ነው ቁርጠት? ሲርብህ ነው ስትጠግብ? ሲጋራ ታጨሳለህ?» ብላ ስታጣድፈው፣ ሰውየው የታመመው ሆዱ መሆኑን ራሱ መጠራጠር ይጀምራል። ሲስተር ዝምታ ጥግ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። አንዲት በሽተኛ ከወጣች በኋላም ይጠይቋታል።

«የሴትዮዋ ራስ ምታት ከምን የመጣ ይመስልሻል?»

«ከዓይኗ ይመስለኛል፤ መነጽር ያስፈልጋታል።»

«ከአማቷ ነው። በሩ ጋ ደርሳ ልትነግርሽ ዞር ስትል "ቀጣይ!" ብለሽ ተጣራሽ።»

በመጨረሻ መላ አበጁላት። «ምላስሽን ሲበላሽ የእግርሽን ጣቶች ጫማሽ ውስጥ እጠፊያቸው። ሰውየው ተናግሮ እስኪጨርስ እንዳትዘረጊያቸው።» እሷም እንደተባለችው አደረገች። ለምሳ ስትወጣ ጫማ እንደጠበበው ሰው እያነከሰች ነበር፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ስለ ጉልበታቸው ጀምረው ስለ ሞተችው ሚስታቸው ሲጨርሱ ሰማች፣ ከወጡም በኋላ መጋረጃው ኋላ ሄዳ አለቀሰች። ያን ቀን ይህን ሥራ ወደደችው። እዚህ ሰው ድኖ አይጠፋም፤ ነገ ዳቦ ሲገዛ ታገኘዋለህ።

ሲስተር ዝምታ ጡረታቸው ደርሷል። የቁስል ክፍሉን ለማን እንደሚያስረክቡ ዶክተሩ ሲጠይቋቸው በአገጫቸው ወደ ትንሿ ሲስተር ጠቆሙ። ክትባቱን፣ የደም ግፊቱን፣ የስኳር ሕመምተኞችን እግር መመርመሩን፣ የጆሮ አጠባውን ሁሉ አልፋለች። የቀራት አንድ ነገር ነው፤ አንድ የከረመ ቁስል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሷ እጅ ይዛ ማዳን። ካዳነች ክፍሉ የእሷ ነው። ካላዳነች ሆስፒታሉ ይጠራታል፤ እሷም ሻንጣዋን ይዛ ወደዚያ ሩቅ ከተማ ትመለሳለች።

ቁስሉ የመጣው በመኪና ነው።

መኪናዋ ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ ለጥፋለች። የክሊኒኩን በር እንዳለፈች እንደ ፌንጣ ዘለለች፣ አክ እንትፍ አለች፣ አበባ የተተከለበትን በርሜል ገፋ አድርጋ ፀጥ አለች። መሪውን የጨበጠችው የሰፈሩ ዳቦ ቤት ባለቤት ነበረች፤ ላብ በላብ ሆናለች።

«ገደልኩት እንዴ?»

«ሞተሩን ነው። ሌላ የሞተ የለም» አላት ከጎኗ የተቀመጠው አሠልጣኝ፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ።

ከኋላ ወንበር እማማ ወረዱ። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። የራሳቸው ልጅ የላቸውም፤ አሠልጣኙን፣ የእህታቸውን ልጅ፣ ከሕፃንነቱ ጀምረው ያሳደጉት ግን እሳቸው ናቸው። ለክሊኒክ ሳይሆን ለሠርግ የሚሄዱ ይመስል ለብሰዋል፣ ሽቶ ተቀብተዋል፤ አንድ እግራቸው የሚያብረቀርቅ ጫማ ውስጥ፣ ሌላው ፎጣ ውስጥ ነው።

ትንሿ ሲስተር ፎጣውን ፈታች። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ብስኩት የሚያህል ቁስል አፉን ከፍቷል። ጎንበስ ብላ የደም ሥራቸውን ትርታ በጣቷ ፈለገች፣ አገኘችው፣ አጠበች፣ በጎዝ ሸፈነች። ከዚያ ላስቲኩን ፋሻ አንስታ ከእግር ጣቶቹ ሥር ጀምራ እስከ ጉልበት በታች እኩል እያጠበቀች ጠቀለለች።

«እማማ፣ ደሙ ወደ ላይ መመለስ ደክሞት ታች ተኝቷል። ይህ ፋሻ ነው ገፍቶ የሚያስነሳው። ቀንም ሌትም አይፈታም፤ የምፈታው እኔ ነኝ። ፋሻው ካለ ቁስሉ ይድናል፣ ከሌለ አይድንም። ገባዎት?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው አልነካውም!» አሉ እማማ።

አሠልጣኙ በሩ ላይ ቆሟል። ፋሻው ሲጠበቅ ቀኝ እግሩ ወለሉን ጫን አደረገ። ትንሿ ሲስተር አየችው።

«እርስዎንም እግርዎን ያመዎታል?»

«አይ... ፍሬን ነው።»

«የምን ፍሬን?»

«እኔ በተቀመጥኩበት በኩልም ፍሬን አለ። ተማሪ ሲያስደነግጠኝ እረግጣለሁ። ከመኪና ስወርድም አልተወኝም፤ በደነገጥኩ ቁጥር እረግጣለሁ።»

«አሁን ምን አስደነገጠዎት?»

አሠልጣኙ ቀና ብሎ አያት፤ እሷን ለማየት ሁሉም ሰው ቀና ይላል።  እግሩ እንደገና ወለሉን ረገጠ፣ ትንሿ ሲስተርም ፕላስተሩን በፋሻው ፋንታ በገዛ ጓንቷ ላይ ለጠፈችው። እማማ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። ሕመማቸውን የረሱት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲያ የቁስል ቀን ሲደርስ ትንሿ ሲስተር ማለዳ ነቅታ መስታወት ፊት ትቆማለች። «ንጽሕና ነው» ትላለች ለራሷ። አሠልጣኙም ከአክስቱ ጋር ገብቶ ጥጉ ላይ ባለችው ወንበር መቀመጥ ልማዱ ሆነ፤ «እርስዎ» መባባሉም ብዙ አልቆየም።

«ተማሪ ሲሳሳት አትቆጣም?» ትለዋለች እየጠቀለለች።

«ከተቆጣሁ መንገዱን ትቶ እኔን ያያል። ያኔ ነው የሚጋጨው።»

«የእኔዋ አስተማሪም አይቆጡም፤ ዝም ነው የሚሉት። እሱ ይብሳል!»

«እኔ እዚህ ስቀመጥ አልረብሽሽም?»

«ትረብሸኛለህ» ብላ አመለጣት፣ ቶሎም «ማለቴ ብርሃኑን ትከልለኛለህ» አለች። የተቀመጠው ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ነው፤ የከለለው ብርሃን አልነበረም። እማማ ጣሪያውን እያዩ ፈገግ አሉ።

ቁስሉ መጀመሪያ ላይ አማረበት። ጠርዙ ሮዝ እየሆነ ወደ ውስጥ ገባ፤ ብስኩቱ ቁልፍ አከለ። ትንሿ ሲስተርም ክፍሉን እንደተረከበች ያህል የመጋረጃውን ቀለም በልቧ መምረጥ ጀምራ ነበር። ድንገት ነገሩ ተበላሸ። እግሩ ያብጣል፣ ቁስሉ እርጥብ ይሆናል፣ ቁልፉ ተመልሶ ብስኩት አከለ።

ሲስተር ዝምታ መጥተው አዩ። ምንም አላሉም። ከእሳቸው አፍ ምንም አለመውጣቱ ከስድብ ይከፋል።

እንቅልፍ አጣች። ጥፋቱ የእጇ እንደሆነ እርግጠኛ ሆነችና ባገኘችው እግር ሁሉ መለማመድ ያዘች። የወንበሮቹን እግር ጠቀለለች። ዶክተሩ ሪፖርት ሲጽፉ ጠረጴዛው ሥር ገብታ የሳቸውን ጠቀለለች፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ታግሠው አስጠቀለሉ። የበሩ ጥበቃ ደግሞ ሁለቱም እግሩ ተጠቅልሎ ሲንጎራደድ ያየ ሰው ሁሉ «ምን ነካህ?» ይለዋል።

«ምንም። ትንሿ ሲስተር እየተማረችብኝ ነው» ይላል እየኮራ። «እግሬ እንደዚህ ቀሎት አያውቅም።»

የጥበቃው እግር ቀለለ፤ የእማማ እግር ግን እንዳበጠ ነው። የልምምዷ ማብቂያም እየተጠጋ መጣ።

አንድ የቁስል ቀን የእማማን ፋሻ ስትፈታ እጇ ድንገት ቆመ። ፋሻው የሚፈታው በሌላ በኩል ነው። እሷ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው የምትጠቀልለው፤ ስንቱን ወንበር የጠቀለለ እጅ አይሳሳትም። ይሄ ወደ ግራ ዞሯል። ፕላስተሩም በሥርዓት ተለጥፏል፣ ነገር ግን ጠርዙ ላይ የድሮ ጎዝ ክር ይዟል። አንድ ሰው ፈትቶ መልሶ ጠቅልሎታል፣ ያም ሰው ግራኝ ነው።

ትንሿ ሲስተር ቀስ ብላ ቀና አለች። አሠልጣኙ ያን ዕለት ውጭ መኪናው አጠገብ ቆሞ በመስኮቱ በኩል ይታያል፤ የመኪናውን ቁልፍ ያንጠለጠለው በግራ እጁ ነው። ትዝ አላት። ስሙን የሚፈርመው በግራ እጁ፣ ሲያፍር ጭንቅላቱን የሚያከው በግራ እጁ!

መጀመሪያ ልቧ ዘለለ። እኔን ለማየት ብሎ! ቁስሉ እንዳይድን፣ መምጣቱ እንዳይቀርበት! ይህ ጣፋጭ ሐሳብ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየ። ቀጥሎ ክፍሉ ትዝ አላት፣ ሻንጣዋ ትዝ አላት፣ ደሟ ፈላ።

«እማማ፣ እግርዎን ሰቅለው ይጠብቁኝ። መጣሁ።»

ወጥታ የመኪናዋን የኋላ በር ከፍታ ገባች፤ ጉልበቷ አገጯ ጋ ደረሰ። መሪው ላይ የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ተቀምጣለች። አሠልጣኙም ነገር እንዳለ ገብቶት ቶሎ ከዳቦ ጋጋሪዋ ጎን ተቀመጠ። ዳቦ ጋጋሪዋ በሮች ሲዘጉ ስትሰማ መሄድ የሚገባት መስሏት ሞተሩን አስነሳች፣ መኪናዋም ግቢውን መዞር ጀመረች።

«የአክስትህን ፋሻ የምትፈታው አንተ ነህ!»

«ምን?» አለ ዞሮ። ፊቱ ላይ መጀመሪያ ግር መሰኘት፣ ቀጥሎ አንድ ነገር ድንገት የገባው ሰው ድንጋጤ አለፈ። ትንሿ ሲስተር ከንዴቷ ብዛት ያየችው ድንጋጤውን ብቻ ነው።

«ወደ ግራ ነው የተጠቀለለው! ግራኝ አይደለህም?»

አሠልጣኙ የክሊኒኩን መስኮት አየ፤ እማማ እግራቸውን ሰቅለው በእጃቸው እያራገቡ ተቀምጠዋል። ፍሬኑን ረገጠ፤ መኪናዋ ተንገጫግጫ መዞሯን ቀጠለች።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

ሳታስበው ቅስሟ ስብር አለ። ቢክድ ትመርጥ ነበር።

«ያ እግር ካልዳነ እኔ እዚህ አልቆይም፣ ታውቃለህ? ወደ መጣሁበት ነው የምመለሰው! እጄ ነው የተበላሸው ብዬ የሰው እግር ስጠቀልል ከረምኩ! አንተ ግን እዚያ ጥግ ቁጭ ብለህ...»

«ትመለሻለሽ?» አለ አሠልጣኙ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? እባክህ በሽተኛዬን አትግደልብኝ ብዬ?»

«ልቁም ወይስ ልሂድ?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ በለቅሶ ድምፅ።

«ቁሚ!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ። መኪናዋም ያንኑ በርሜል ገፋ አድርጋ ቆመች።

በሚቀጥለው ቀጠሮ እማማ በታክሲ መጡ። ሽቶም የለ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማም የለ። ጥጉ ላይ ያለችው ወንበር ባዶዋን ነች። ትንሿ ሲስተር ፋሻውን ፈታች፤ አሁንም ወደ ግራ ነው።  ልትጮህ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ የሲስተር ዝምታ ቃል ትዝ አላት። ይህን ሁሉ ጊዜ እግሩን ጠይቃለች፤ ሴትዮዋን አንድም ቀን አልጠየቀቻቸውም።

ወንበር ስባ ከእማማ ፊት ተቀመጠች።

«እማማ፣ ቤት እንዴት ነው?»

ጣቶቿን ጫማዋ ውስጥ አጠፈቻቸው።

«ደህና ነው» አሉ እማማ።

ዝም አለች።

«ምን ይሆናል ብለሽ ነው። ደህና ነው።»

ዝም አለች። የቀኝ እግሯ ትንሿ ጣት ልትሰበር ደረሰች።

«ያ ልጅ እህል አልቀምስ አለኝ እንጂ» አሉ እማማ። «ምን ሆንክ ስለው ምንም። ለምን አታደርሰኝም ስለው ሥራ በዝቶብኛል። ዋሽቶኝ አያውቅም እኮ!»

ዝም።

«ምነው አንቺ ልጅ እንዲህ ታይኛለሽ? ተናገሪ እንጂ!»

ዝም።

«እሺ! እሺ! እኔ ነኝ የፈታሁት!» እማማ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ከዚህ በተመለስኩ ዕለት ማታ እፈታዋለሁ፣ ወደዚህ የምመጣ ዕለት ጧት እጠቀልለዋለሁ። አፈር ስሆን እንዳትቆጪኝ!»

«ግራኝ ነዎት?»

«ከነዘር ማንዘራችን! እናቱም ግራኝ ነበረች፣ ነፍሷን ይማረው።»

«እሱ ግን እኔ ነኝ አለኝ።»

እማማ ክው አሉ። «እሱ?» ብለው ነጠላቸውን ጣሉ። «ሊሸፍነኝ ነዋ! አንጀቴን በላው እኮ ይሄ ልጅ! እኔማ ቁስሌ ሲያምር ጊዜ ደነገጥኩ። ከዳንኩ በምን ሰበብ ያገኝሻል? ዓይን አፋር ነው፣ በራሱ አይመጣ። ትንሽ ቢቆይ ምን አለበት አልኩ፣ እስክትላመዱ።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር ለራሴም ነው። እዚህ ስመጣ ጥበቃው እንዴት አደሩ ይለኛል፣ ዶክተሩ ይለኛል፣ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ያጫውተኛል። ቤት ሬዲዮ ብቻ ነው የሚያናግረኝ። እግሬ ከዳነ ማን ይጠራኛል?»

ትንሿ ሲስተር ጣቶቿን ዘረጋች። ቆጣ ልትል አስባ የነበረውን ሁሉ ረሳችው። እጃቸውን ይዛ የራሷን ነገረቻቸው፤ ስለ ክፍሉ፣ ስለ ሻንጣው፣ ቁስሉ ካልዳነ ስለምትሄድበት ከተማ።

እማማ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። «ጉድ ነው! ላስቀርሽ ብዬ ላባርርሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ጠቅልይ!» አሉ እማማ እግራቸውን እየወረወሩላት። «አጥብቀሽ ጠቅልይ! ከእንግዲህ ንጉሥ ቢመጣ አይፈታውም። ደግሞ ስሚኝ፤ ሁለተኛ በእናንተ መሃል ብገባ ምላሴ ይቆረጥ። ትንፍሽ አልልም!»

ቃላቸውንም ጠበቁ። በሕይወታቸው ቃል ሲጠብቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ የጠበቁትም በማይሆን ጊዜ። አሠልጣኙ አክስቱ መናዘዛቸውን ጨርሶ አልሰማም። ሲስተሯ አሁንም እንደተቀየመችው ነው የሚያስበው። ትንሿ ሲስተር ደግሞ እውነቱ እንደተነገረው እርግጠኛ ናትና ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ትውላለች። አልመጣም። «ቢፈልገኝ ይመጣ ነበር» አለች በልቧ፤ ጥጉ ላይ ያለችውንም ወንበር ወደ ኮሪደር አወጣቻት። ከሰዓት በኋላ መልሳ አስገባቻት።

ቁስሉ ግን በረታ። እማማ ፋሻቸውን እንደ ወርቅ ይጠብቁታል፤ ተቀምጠው እግራቸውን ይሰቅላሉ፣ ቆመው አያወሩም፣ ጎረቤት ጠጋ ሲል «ዋ! እንዳትነካኝ!» ይላሉ። ብስኩቱ ቁልፍ ሆነ፣ ቁልፉ ምስር አከለ፣ ምስሩም ጠፋ። በእሱ ቦታ ቀጭን ሮዝ ቆዳ ተዘረጋ። ሲስተር ዝምታ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«ተዘግቷል» አሉ።

የክፍሉን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው በትንሿ ሲስተር መዳፍ ላይ አኖሩ፤ ደረቷ ላይ የተንጠለጠለውንም «ተለማማጅ» የሚል ካርድ ነቀሉ። ለመንቀል በእግራቸው ጣቶች መቆም ነበረባቸው።

«ሲስተር፣ የእማማን ፋሻ እሳቸው ራሳቸው...»

«በግራ እጅ እንደተጠቀለለ አይቻለሁ።»

«አይተዋል? ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«እስክትጠይቂያቸው እየጠበቅኩ ነበር።»

እማማም ከክሊኒኩ አልተለዩም። የዳነ እግር በፋሻው ፋንታ ጥብቅ የሕክምና ካልሲ ዕድሜ ልኩን ይፈልጋል፤ እየተለካም ይለወጣል። ከዚያ በላይ ግን ትንሿ ሲስተር ዶክተሩን አስፈቅዳ በቁስል ቀን ወረፋው መሃል ወንበር ሰጠቻቸው። ፋሻውን ቤቱ ሊፈታ የሚያስብ በሽተኛ ካለ እማማ ዓይኑን አይተው ያውቁታል። «አንተ! እኔን ታታልላለህ? እኔ ፈትቼ የማውቀውን?» ይሉታል። ከእሳቸው ያመለጠ የለም።

ትንሿ ሲስተር በራሷ ክፍል፣ በራሷ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠችበት የመጀመሪያው ቀን ደስታዋ ጎደሎ ነበር። «ቀጣይ» አለች።

አሠልጣኙ ገባ። ያነክሳል።

 ጣቶቿ ማንም ሳያዛቸው ጫማዋ ውስጥ ተጣጠፉ።

«ምን ልርዳህ?»

«ጉልበቴን ነው» አለ ጥጉ ላይ ባለችው ወንበር እየተቀመጠ። «ቀኙን። ብዙ ስለምረግጥበት ነው።»

ዝም አለች።

«ሰሞኑን ብሷል። ምንም ሳይኖር እረግጣለሁ። ዳቦ ጋጋሪዋ ደህና እየነዳች እረግጣለሁ። ፈተናዋን አልፋለች፣ ሰምተሻል?»

ዝም።

«እዚህ የመጣሁት... ይቅርታ ልልሽ ነው። ስለ ፋሻው። ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣሁብሽ እኔ ነኝ።»

ትንሿ ሲስተር ዓይኗ እንባ አቀረረ። አሁንም አክስቱን እየሸፈነ ነው። አላወቀም። ይህን ሁሉ ጊዜ ሳያውቅ፣ የሷን ቂም ተሸክሞ! ልትናገር አፏን ከፈተች፣ እሱ ግን እጁን አነሳ፤ ግራውን።

«አይ፣ ልጨርስ። እኔ አልፈታሁትም። ለአንቺ መዋሸት አቃተኝ። ማን እንደፈታው አልናገርም፣ እንዳትጠይቂኝ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ።» እግሩ ወለሉን እንደረገጠ ቀረ። «ያን ቀን መኪናው ውስጥ ስትጮሂብኝ ያሰብኩት ምን መሰለሽ? ይህን ዘዴ ምነው እኔ ባሰብኩት ነው ያልኩት። ቢታየኝ ኖሮ እኔም እፈታው ነበር። ያንን ቁስል ስታጥቢ እያየሁ እንዳይድን የተመኘሁ ክፉ ሰው ነኝ። እወድሻለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

 ትንሿ ሲስተር ዝም ብላ ታየዋለች። ይህን ያህል ጊዜ የተማረችው ዝም ማለትን ነው፤ ከዝምታ እንዴት እንደሚወጣ ግን ማንም አላስተማራትም። አሠልጣኙ ጠበቀ። ፊቱ ደም መሰለ፤ ለመነሳት ወንበሩን ያዘ።

ይኼኔ የበሩ መጋረጃ ተነቃነቀ። በአንድ በኩል እማማ፣ አፋቸውን በሁለት እጃቸው አፍነው፣ ቃላቸውን ላለማፍረስ ሊፈነዱ ደርሰዋል። በሌላ በኩል ሲስተር ዝምታ፣ የጡረታ መሸኛ አበባቸውን እንደታቀፉ ቆመዋል።

«ሲስተር» አሉ ሲስተር ዝምታ በለስላሳ ድምፅ። «ዝም የሚባለው በሽተኛው እስኪጨርስ ነው። ጨርሷል።»

ትንሿ ሲስተር ብድግ አለች። መጥታ ፊት ለፊቱ ተንበረከከች፤ አሁን እሱ ነው ዝቅ ብሎ የሚያያት። እጇን ጉልበቱ ላይ አኖረች። ጉልበቱ ምንም የለበትም፤ ደክሞት ነው እንጂ።

«ፍሬኑን ልቀቅ» አለችው። «አልሄድም። እዚሁ ነኝ። እኔም ያ ቁስል ሲዘጋ አልቅሼ ነው ያደርኩት።»

አሠልጣኙ እግሩን ከወለሉ ቀስ ብሎ አነሳ። እማማ እጃቸውን ከአፋቸው ላይ ለቀቁ፣ ያን ጊዜ የወጣው እልልታ ወረፋ የሚጠብቀውን ሁሉ አስነሳ። ጥበቃውም ሌባ የገባ መስሎት ሮጦ መጣ።

ትንሿ ሲስተር ጫማዋ ውስጥ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው።